ለሞገስ ልጆች በሙሉ

ሰው ሲበቀል አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። አንዱ ድንጋይ ያነሳል፤ አንዱ ጠበቃ ይቀጥራል፤ አንዱ ደግሞ ነገሩን ለእግዜር ይሰጥና እግዜር ሲዘገይበት ተመልሶ ድንጋዩን ያነሳል። ሀሴት ሽበሺ ግን የተበቀለችው በኢሜይል ነው። ያውም ቀለሙ በተመረጠ፣ ፊደሉ በተስተካከለ፣ በስልክም በኮምፒውተርም ሲከፈት ቀጥ ብሎ በሚቆም ኢሜይል። ያላመነ ካለ ሀዋሳ ሩቅ አይደለችም፤ መጥቶ የሞገስን ልጆች ይጠይቅ። በየሰፈሩ አሉ።

ሀሴት የምትሠራው ባህል አዳራሽ አካባቢ፣ ከአንድ ፎቶ ቤት በላይ ባለው የጋሽ ጠሀ ማስታወቂያ ቤት ነው። ሥራዋ ለሆቴሎችና ለሱቆች የማስታወቂያ ኢሜይል መንደፍ ነበር። ሶፍትዌሩን ትከፍትና ሥዕሉን፣ ጽሑፉንና ቁልፉን እንደ ጡብ እየጎተተች ትደረድራለች። ኮምፒውተር ላይ ጎን ለጎን የቆመው ነገር ስልክ ላይ ሲከፈት አንዱ ከሌላው ሥር እንዲወርድ ካላደረገችው ግን ቤቱ ይፈርሳል። መጀመሪያ ሰሞን ብዙ ቤት አፍርሳለች።

ከዋሲሁን ሞገስ ጋር ያገናኛቸውም የፈረሰ ቤት ነው።

ዋሲሁን ሐይቁ ዳር ባለው በደንገል ሎጅ እንግዳ ተቀባይ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ስልኩን የሞተች አይጥ በጅራቷ እንደያዘ ሰው በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ የጋሽ ጠሀን ደረጃ ወጣ።

«ይቅርታ፣ ይሄን የሠራው ሰው አለ?»

«የሠራችው ሰው አለች» አለች ሀሴት፣ ቀና ሳትል።

«እንግዲያው እህቴ፣ ሐይቃችንን ምን አድርገሽው ነው? ትናንት ሐይቅ ነበር፤ ዛሬ ስልኬ ላይ የመስኖ ቦይ ሆኗል። ‹ቦታ ይያዙ› የሚለው ቁልፍማ ከስልኩ ወጥቶ ሄዷል። እንግዶቻችን እሱን ለመጫን ጎረቤት መሄድ አለባቸው።»

«ስልክህን አግድም አዙረው።»

«ስልኬን ባዞር አንገቴም አብሮ ይዞራል።»

ያኔ ቀና አለች። ረዘም ያለ፣ ደረቱ ላይ የሎጁ አርማ ያለበት ሰማያዊ ሸሚዝ የለበሰ፣ አንገቱን በእውነትም አጣሞ የቆመ ልጅ ነበር። ልትቆጣ ከንፈሯን ስትከፍት ሳቋ ቀድሟት ወጣ። እሱም አንገቱን ሳያቃና አያት። ከሳቁ በኋላ የመጣው ዝምታ ትንሽ ረዘመ፤ ጋሽ ጠሀ ጉሮሯቸውን ጠርገው ባይገቡበት ኖሮ ዛሬም ድረስ ባላለቀ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሀሴት የሎጁን ኢሜይል ስትሠራ መጀመሪያ የሙከራ ቅጂ ለዋሲሁን ትልካለች፤ እሱ በራሱ ስልክ፣ በዘበኛው ስልክ፣ በወጥ ቤቷ ሴት የተሰነጠቀ ስልክ ላይ ከፍቶ «ቆሟል» ወይም «ፈርሷል» ብሎ ይመልሳል። ዋናው ጽሑፍ ገና ያልመጣ እንደሆነ ባዶው ቦታ ላይ «እዚህ ጽሑፍ ይገባል» ብላ ትተወው ነበር።

አንድ ቀን መልሱ እንዲህ ሆኖ መጣ፦ «ቆሟል። ጽሑፍ ይገባል ባልሽው ቦታ ‹ሥራ ስንጨርስ ሐይቁ ዳር፣ ፍቅር ሐይቅ ጋ እንገናኝ› የሚል ቢገባስ?»

በሚቀጥለው ሙከራ ላይ አስገባችው።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ! የሎጁ የዓሣ ምሳ ማስታወቂያ ሆድ ውስጥ «ትናንት ስትስቂ ጀልባው ራሱ ተወዛወዘ» የሚል ይገኝ ጀመር። ከልደት ግብዣው ቅናሽ ሥር «ቀይዋን ሻርፕ ልበሺያት» ይላል። ጋሽ ጠሀ «የዚህ ሎጅ ሥራ ሙከራው በዛ» እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። ሁለቱ በሐይቁ ዳር ጎን ለጎን ሲሄዱ ግን እንደ ኢሜይሉ አልነበሩም፤ ብዙ አያወሩም። እሱ የእሷን እርምጃ ለመጠበቅ ረጅም እግሩን ያሳጥራል፤ እሷ ይህን አውቃ እንዳላየች ትሆናለች።

በመጨረሻም ዋሲሁን «እሑድ ሽማግሌ እልካለሁ» አላት። አባቱ አቶ ሞገስ በሕይወት ስለሌሉ ሽማግሌዎቹን የሚመሩት አጎቱ ናቸው፤ ከቱላ ሁለት ጎረቤቶቻቸውን ይዘው ይመጣሉ።

«አባትሽ እንቢ ቢሉስ?» አላት።

«አባዬ አስተማሪ ነበር። መልሱን የሚያውቅ ተማሪ ከመጣ አይጥልም።»

እሑድ ደረሰ። አቶ ሽበሺ ጡረታ ሲወጡ የተሸለሙትን ጥቁር ሱፍ ከነነጭ ሸሚዙ ለብሰው አዲስ ከተማ ባለው ቤታቸው በረንዳ ላይ ተቀመጡ። እናቷ ዶሮ ሠርታለች። አክስቶቿ መጥተዋል። ባጃጅ በር ላይ ባለፈ ቁጥር አቶ ሽበሺ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፤ ባጃጁ ያልፋል።

ጥላው ከበረንዳው ወደ ግቢው፣ ከግቢው ወደ አጥሩ ሄደ። ዶሮው ቀዘቀዘ፤ ሞቀ፤ እንደገና ቀዘቀዘ። አክስቶቿ መጀመሪያ ቀልድ አወሩ፣ ቀጥሎ ስለ ሰው ልጅ ሠርግ አወሩ፣ ከዚያ ወሬ አለቀባቸውና ጫማቸውን ማየት ጀመሩ።

ጎረቤታቸው ወይዘሮ አልማዝ ከአጥሩ በላይ ብቅ አሉ። «ጋሽ ሽበሺ፣ እንዲህ አምሮብዎት የት ሊሄዱ ነው?»

«የትም» አሉ አቶ ሽበሺ።

አመሻሹ ላይ ብድግ ብለው ኮታቸውን አወለቁ። ልጃቸውን አላዩዋትም። «ልጄ፣ ይሄን ስቀይልኝ» አሏት። ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ቢረግሟትም ይሻላት ነበር።

ሀሴት ደወለች። የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም ተባለች። በአክስቷ ስልክ ደወለች፤ ጠራና ድምጿን ሲሰማ ተዘጋ። ኢሜይል ላከች፤ እሱንም ዘግቶት ኖሯል። ሰኞ ጠዋት ሎጁ በር ድረስ ሄደች። ዘበኛው መሬት መሬት እያየ «እህቴ፣ አለ። ግን ሀሴት የምትባል ከመጣች የለም በሉ ብሎናል» አላት። የዋህ ዘበኛ ነው፤ የታዘዘውን ከነትእዛዙ ነገራት።

ስትመለስ አላለቀሰችም። ሰፈሩ ግን አልተኛም፤ ለአቶ ሽበሺ ስም አውጥቶላቸው ጠበቀ፦ አባ ኮዳ። ዓሣ ገበያው ጋ ጥቁርና ነጭ ለብሶ፣ አንገቱን ሰብቆ፣ የሚጣልለትን ሆድ ዕቃ ሲጠብቅ የሚውለውን ያን ትልቅ ወፍ ማለታቸው ነው። ዕድሜ ልካቸውን የሰው ልጅ ያስተማሩ ሰው ዳቦ ሊገዙ ሲወጡ ከኋላቸው «አባ ኮዳ መጣ» የሚል ሹክሹክታ ሰሙ። ዳቦውን ሳይገዙ ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ከግቢ አልወጡም።

በሀሴት ሆድ ውስጥ እሳት ገባ የሚሉ አሉ። ውሸት ነው፤ በረዶ ነው የገባው። እሳት ይበርዳል፤ ያ ግን በየቀኑ እየጠጠረ ሄደ። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ አባቷ የዋሉትን ውሎ ያ ልጅ እንዲያውቀው፣ አውቆም እንዲያፍር።

ግን እንዴት ይድረስ? ስልኳን ዘግቷል፤ ኢሜይሏን ዘግቷል፤ በሩንም ዘግቷል።

መንገዱን ከወራት በኋላ ያመጡላት ጋሽ ጠሀ ናቸው። «ሀሴት፣ ደንገል ሎጅ ለፍቼ ጫምባላላ የቤተሰብ ምሳ ኢሜይል ይፈልጋሉ። ለደንበኞቻቸው በሙሉ ይላካል፤ ለሠራተኞቹም ጭምር።»

ሀሴት ጽዋዋን አስቀመጠች። የእሷን ኢሜይል መዝጋት ይችላል። የሎጁን ኢሜይል ግን ሊዘጋ አይችልም፤ እንጀራው ነው።

«እሠራዋለሁ» አለች። ጋሽ ጠሀ ፈገግታዋን ወደዱት። ምስኪን።

ኢሜይሉን እንደዚያ አሳምራ ሠርታ አታውቅም። ላይ ሐይቁን አነጠፈችው፤ ኮምፒውተር ላይ ሰፊ፣ ስልክ ላይ ደግሞ ቦይ ሳይሆን ሐይቅ። ከሥሩ የበዓሉ ምግብ፣ ቀጥሎ «ቦታ ይያዙ» የሚል በአውራ ጣት ልክ የተቆረጠ ቁልፍ። ከዚያ የመጨረሻውን ክፍል ከነቁልፉ ቀድታ መሐል ላይ ሌላ አንድ ክፍል አቆመች። አረንጓዴውን ወደ ደም ቀይ ለወጠች፤ ጽሑፉን አጠፋችና የራሷን ጻፈች፦

«አንተ የሞገስ ልጅ! ሽማግሌ እልካለሁ ብለህ አባቴን ሱፍ አስለብሰህ ከጠዋት እስከ ማታ በር በር ያሳየህ! ዶሮው ቀዘቀዘ፣ ዘመድ ጫማውን አየ፣ ሰፈር ሳቀብን። አባቴ ዛሬም ከቤት አይወጣም። ወንድ ከሆንክ ፊት ለፊት መጥተህ ምክንያቱን ተናገር። ካልሆንክ ይሄን ተጫን።»

ከሥሩ ቁልፉ፦ «አዎ፣ ፈሪ ነኝ።»

ሶፍትዌሩ እንዲህ ያለ ጥበብ አለው፤ አንዱን ክፍል ለመረጥከው ሰው ብቻ አሳይቶ ከሌላው ይሸሽገዋል። «ይህ ክፍል ለማን ይታይ?» ብሎ ይጠይቃል። በስም? በከተማ? በቤተሰብ ስም? በስሙ ልትል አሰበች። የተናደደ ሰው ግን በስም አይጠራም፤ «አንተ የእገሌ ልጅ!» ብሎ እስከ አባት ይወርዳል። ሀሴትም ወረደች። የቤተሰብ ስም የሚለው ቦታ ላይ ሞገስ ብላ ጻፈች።

ይህን ሶፍትዌር የሠሩት ሰዎች አገር አንድ የቤተሰብ ስም ማለት አንድ ቤተሰብ ማለት ይሆናል። ሀዋሳ ውስጥ ግን ሞገስ ማለት አንድ ሞገስ ማለት አይደለም፤ ያንዱ አባት ሞገስ ከሌላው አባት ሞገስ ጋር ሰላምታም የለው። ይህን ሀሴት ሳታውቅ ቀርታ ነው? ሕፃን ያውቀዋል። ግን ቂም የያዘ ሰው ዓለሙ ላይ የሚታየው አንድ ሞገስና አንድ ልጁ ብቻ ነው።

ሙከራ ቢላክ ስህተቱ በታወቀ ነበር። ሙከራ የሚያይላት ሰው ግን ያው የምትበቀለው ሰው ነው። ስለዚህ ሳትሞክር ላከችው።

አሁን ደግሞ ስለ ደንገል ሎጅ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እዚያ ዋይፋይ የሚፈልግ ሁሉ ስሙን፣ የአባቱን ስምና ኢሜይሉን ሳያስመዘግብ አያገኝም። ሀዋሳ ውስጥ ዋይፋይ የማይፈልግ የለም፤ ጉማሬዎቹ ራሳቸው ወደ ሎጁ ዳርቻ ጠጋ ጠጋ የሚሉት በነገር ነው ይባላል። እንግዲህ የከተማው የሞገስ ዘር በሙሉ መዝገቡ ላይ ነበረ። ከሁሉም የቀረው አንድ የሞገስ ልጅ ብቻ ነው፤ ሠራተኞች የአባት ስማቸው በሚጻፍበት ቦታ «ሠራተኛ» ተብሎ ስለተጻፈ ለዋሲሁን የደረሰው ያ ንጹሑ፣ ያማረው፣ ሰላማዊው ኢሜይል ነበር።

በማግስቱ ረፋድ ላይ የጋሽ ጠሀ ስልክ ጮኸ። ጋሽ ጠሀ አዳመጡ፣ ፊታቸው አመድ መሰለ፣ ስልኩን ከጆሯቸው አራቁ። የሎጁ ባለቤት የወይዘሮ ገበያነሽ ድምፅ ክፍሉን ሞላው፦ «ያቺን ልጅ ይዘው አሁኑኑ ይምጡ! ቤቴ የሞገስ ተዝካር ሆኗል!»

በባጃጅ ሄዱ። ጋሽ ጠሀ መንገዱን ሙሉ ጠየቋት፤ ሀሴት መንገዱን ሙሉ ውጪ ውጪውን አየች።

የሎጁ መቀበያ ጢም ብሏል። ዋሲሁን ከጠረጴዛው ጀርባ እጁን እንደ ትራፊክ ፖሊስ ዘርግቶ ቆሟል።

«እኔ ሽማግሌ ከላክሁ ልጆቼ ለአቅመ አዳም ደርሰዋል!» ይላል ኤርሚያስ ሞገስ የተባለ ደረተ ሰፊ የአይሱዙ ሹፌር። «ሚስቴ ጠዋት ስልኬን አንብባ ‹ደግሞ ለማን ልከህ ነው?› ብላ ከቤት አስወጣችኝ! ቁርሴን አልበላሁም!»

«አንተስ ወንድ ነህ!» አለች ብርቱካን ሞገስ፣ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ፣ ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ እየደበደበች። «እኔን ‹ወንድ ከሆንክ ና› ይለኛል! ይኸው መጣሁ! ማን ነው የሚገጥመኝ?»

ጥግ ላይ ደግሞ ናትናኤል ሞገስ የሚባል ከሲታ ልጅ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ላብ አጥምቆት «ግን ማን ነገራችሁ? እሺ ማን ነው የነገራችሁ?» እያለ ያጉተመትማል። ለካ እሱ የእውነት ሽማግሌ ሊልክ ቃል ገብቶ የቀረ ኖሯል! ዝናብ ሲጥል የተሸሸገውንም ያበሰብሳል።

«እባካችሁ፣ እኔ ያየሁት ኢሜይል ምንም የለበትም» ይላል ዋሲሁን። «ሐይቅ ነው፤ ምሳ ነው።»

«እንካ ምሳ!» ብላ ብርቱካን ስልኳን አፍንጫው ሥር ደቀነችው።

ዋሲሁን አነበበ። ሀሴት በሩ ላይ ቆማ ሲያነብ አየችው። ስንት ጊዜ ይህን ፊት አልማዋለች! ሲቀላ፣ ሲያፍር፣ መግቢያ ሲያጣ። አሁን ግን ፊቱ አልቀላም። ነጣ። ጽሑፉን ጨርሶ እንደገና ከላይ ጀመረ። ከዚያ ቀና ሲል ዓይኑ በሩ ላይ አረፈ።

የሞገስ ልጆች በሙሉ ዓይኑን ተከትለው ዞሩ።

«አባትሽ... ሱፍ ለብሰው ጠበቁ?» አለ።

«ከጠዋት እስከ ማታ።»

«አባትሽ አጎቴ ላይ ውሻ ለቀዋል!»

«እኛ ቤት ውሻ የለም!»

ዋሲሁን የብርቱካንን ስልክ ከፊቱ ገፋ።

«ባለ ፎቁ ቤት» አለ ዋሲሁን ቀስ ብሎ። «በሩ ላይ የጭነት መኪና የቆመበት። አጎቴ ነው የነገረኝ። ‹ልጅዎን ሎጅ ለሚሠራው ልጃችን› ብለው ገና አፋቸውን ሲከፍቱ ‹ልጄን ለሎጅ በር ከፋች? ከደጄ ጥፉ!› ተባሉ። የአጎቴን ጋቢ ውሻው ቀደደው። ሰውዬው ‹ልጄም ብትሰማ በሳቅ ትሞታለች› አሉ። ስትስቂ ታየኝ፣ ሀሴት። ያን ሳቅሽን አውቀዋለሁ።»

«የኛ ቤት ምድር ቤት ነው። መኪናም የለን፤ ብስክሌትም የለን» አለች ሀሴት። «ባለ ፎቁ አቶ ሽበሺ የጭነት መኪና ባለቤት ናቸው። ከኛ ሁለት ቅያስ ዝቅ ብሎ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሦስቱ ሽማግሌዎች አዲስ ከተማ ደርሰው ለባጃጁ ልጅ «አቶ ሽበሺ ቤት» አሉት። እሱም «አውቃለሁ» አለ፤ የባጃጅ ሹፌር አላውቅም ብሎ አያውቅም። ሽማግሌ ደግሞ ደንቡ ነው፤ «ልጅዎን ለልጃችን» ይላል እንጂ የልጅቷን ስም አፉ ላይ አያመላልስም። ባለ ፎቁ አቶ ሽበሺም ሴት ልጅ ነበረቻቸው። እንዲህ ሆኖ አንዱ ሽበሺ ያልተጠየቀውን ከለከለ፤ ሌላው ሽበሺ ያልከለከለው ነገር ሰፈር አሳቀበት።

«ውይ!» አለች ብርቱካን ሞገስ፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አድርጋ። «የኔ እናት!»

«ታዲያ እኔ ምን አድርጌ ነው ቁርሴን የተከለከልኩት?» አለ ኤርሚያስ፣ ግን ድምፁ ረግቦ ነበር።

በዚህ መሐል ወይዘሮ ገበያነሽ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ከቢሯቸው ወጡ። ሊያባርሩ ነው ብሎ ጋሽ ጠሀ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አንድ ነገር አስረዱኝ» አሉ ሴትዮዋ። «ለበዓሉ ምሳ ጠረጴዛ አልቆብኛል። የያዙት ሁሉ ሞገስ፣ ሞገስ፣ ሞገስ ነው። ማን ነው ‹ፈሪ ነኝ› ብሎ ምሳ የሚይዝ?»

ሀሴት ዓይኗ ፈጠጠ። ክፍሉን ስትቀዳው የቁልፉን ጽሑፍ ቀየረች እንጂ ቁልፉ የሚወስድበትን ቦታ አልቀየረችም። «አዎ፣ ፈሪ ነኝ» ያለ ሁሉ ቦታ ይዟል።

«የኔን የተጫነችው ሚስቴ ናት» አለ ኤርሚያስ።

ወይዘሮ ገበያነሽ ሀሴትን ከእግር እስከ ራስ አዩዋት፤ ጋሽ ጠሀን አዩ። «በሉ፣ እነዚህን ሰዎች ሻይ አጠጡልኝ» ብለው ወደ ቢሯቸው ተመለሱ። በንዴትና በገበያ መሐል የቆመ ሰው እንዴት እንደሚራመድ ያየሁት ያኔ ነው፤ ማለቴ ያዩት ሰዎች እንደነገሩኝ።

ዋሲሁን ከጠረጴዛው ጀርባ ወጥቶ ወደ ሀሴት መጣ። ረጅም እግሩን እንደ ድሮው አሳጥሮ ነው የመጣው።

«ሀሴት፣ በር ነው የተሳሳቱት። በር ብቻ።»

«በር የተሳሳቱት አጎትህ ናቸው» አለችው። «ስልክህን የዘጋኸው ግን አንተ ነህ። ‹ሀሴት ከመጣች የለም በሉ› ያልከው አንተ ነህ። ‹ፈርሷል› ስትለኝ እኔ ሁሌም አስተካክል ነበር። አንተ ግን አንድ ቃል ሳትጠይቀኝ ስቃብኛለች ብለህ አመንክ።»

ሀሴት ዞር ብላ ደረጃውን ወረደች፤ ጋሽ ጠሀ እያለከለኩ ተከተሏት። ልቧ «ተመለሺ» እያለ ሲለምናት ጀርባዋ ቀጥ እንዳለ ነበር። በቀሏን አግኝታለች፤ አውቋል፤ አፍሯልም። ታዲያ ለምን እንደ ድል አልጣፈጣትም? አልጣፈጣትም፤ ግን ለማንም አልተናገረችም።

የሚቀጥለው እሑድ ሽማግሌ መጣ።

ሦስት አልመጡም። አጎትየው ከቱላ ጎረቤቶቻቸው ጋር ከፊት አሉ፤ ከኋላቸው ኤርሚያስ ሞገስ በአይሱዙው፣ ብርቱካን ሞገስ በሐበሻ ቀሚስ፣ ናትናኤል ሞገስ ደግሞ «ሥርዓቱን ልማርበት» ብሎ፤ ሌሎችም በዚያ ጠዋት ከሚስት፣ ከእናት፣ ከእጮኛ የተጣሉ የሞገስ ልጆች ሁሉ። «ስማችን ጠፍቷል፤ በስማችን የታማውን ቤት ራሳችን ነን የምናቃናው» ብለው ነው። መንገዱ ተዘጋ። ሰፈሩ ወጣ። ወይዘሮ አልማዝ አጥሩ ጋ ወንበር ላይ ቆመው ነበር የሚሉ አሉ።

አቶ ሽበሺ በመስኮት አዩዋቸው። አልቸኮሉም። ጓዳ ገብተው ሱፉን ለበሱ፤ አንድ ቁልፍ፣ ከዚያ ሌላ ቁልፍ። ወጥተው በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ ጉዳያቸው ሳይመለስ አይቀመጡምና ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ቆሙ።

አጎትየው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ጌታዬ፣ እኛ የገጠር ሰዎች ነን። በር ስተን፣ እርስዎን የሚያህል ሰው አስጠብቀናል። ይቅር ይበሉን። ልጅዎን ሀሴትን ለልጃችን ለዋሲሁን...» ስሟን ጠሩ! ደንቡን ጥሰው፣ ጮክ ብለው፣ ለሰፈሩ ሁሉ እንዲሰማ።

አቶ ሽበሺ ሻይ አስቀዱ። ጠጡ። ደገሙ።

«እኔ እዚህች ወንበር ላይ ተቀምጬ ዋልኩ» አሉ በመጨረሻ። «የእናንተ ይሻላል። የቆመ ሰው ቢያንስ ሊሄድ ያለ ይመስላል። ትንሽ ቁሙልኝ።»

ኤርሚያስ ወደ ብርቱካን ጠጋ ብሎ «ሰውዬውን ወደድኳቸው» አላት።

ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ አቶ ሽበሺ ጽዋቸውን አስቀመጡ። ያን ጊዜ ፊታቸው ላይ ከወራት በኋላ የመጀመሪያዋ ፈገግታ፣ የተማሪን ፈተና አርሞ የጨረሰ አስተማሪ ፈገግታ ታየች። «ከኔ በኩል ሒሳቡ ተዘግቷል። የተበደልኩት ግን እኔ ብቻ አይደለሁም፣ እሷም ተበድላለች። ራሷን ጠይቋት።»

ሀሴት ከጓዳ ወጣች። ቀይ ሻርፕ አድርጋለች። ሁሉም አያት፤ እሷ ማንንም አላየችም።

«ልጁ የት ነው?» አለች።

«ማዕዘኑ ጋ፣ ባጃጅ ውስጥ ነው» አሉ አጎትየው። «እንደ ደንቡ አይገባም እኮ...»

የበረንዳውን አንዱን ወንበር አነሳች። በሽማግሌዎቹ መሐል፣ በሞገስ ልጆች መሐል አልፋ በሩን በክርኗ ገፍታ ወጣች። ዋሲሁን ስትመጣ አይቶ ከባጃጁ ሲዘል ራሱን ከጣሪያው አጋጨ። ሱፍ ለብሷል፤ ሙቀቱ ላብ አፍልቆበታል። ወንበሩን ሲያይ ፊቱ በራ፤ ሊቀበላት እጁን ዘረጋ።

ሀሴት ወንበሩን መንገዱ ዳር፣ ሰው ሁሉ የሚያይበት ቦታ ላይ ተከለችው። ከዚያ ራሷ ተቀመጠችበት።

«ለአንተ አይደለም» አለችው።

እጁን መለሰ። «እሺ።»

«አባዬ ታርቋችኋል። እኔ ገና ነኝ።»

«እሺ።»

«ሁለተኛ ስልክህን ብትዘጋብኝ በኢሜይል አልመጣም። በአይሱዙ ነው የምመጣው፤ ከነሹፌሩ።»

«እሺ። እስከ መቼ ልቁም?»

«ዝም ብለህ ቁም። ሰው ይይህ።»

ቆመ። ሰውም አየው። የሰፈሩ ሴቶች አዩት፣ ከአጥር በላይ ያሉትም አዩት፣ ዳቦ ይዘው የሚያልፉት ቆም ብለው አዩት። ፀሐይዋ ወደ እሷ በኩል ስትዞር ሁለት እርምጃ ተራመደና ጥላው እሷ ላይ እንዲወድቅ አድርጎ እንደገና ቆመ።

ሀሴት ጥላውን አየች። መንገዱን አየች።

ከዚያ፣ ቀና ብላ ሳታየው፣ ወደ ወንበሩ ጠርዝ ሸርተት አለችለት።